የጭቃው በሬ ቅርጫ

ፈጠራ በትእዛዝ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ መካነ ሰላም አየን። ረቡዕ ጠዋት አራተኛ ክፍል «የፈጠራና የሒሳብ ቀን» ያካሂዳል፣ ወላጆች ይጋበዛሉ፣ ሱፐርቫይዘሩም ተገኝተው ይመለከታሉ ተባልኩ። ማን ነው የሚፈጥረው ብዬ ብጠይቅ አንቺ ነሻ፣ ቲቸር ዝናሽ አሉኝ። ያለኝ መሣሪያ አንድ ሰሌዳ፣ ግማሽ ፓኬት ጠመኔ እና አፋቸው የማይዘጋ ሠላሳ ሰባት ልጆች ናቸው። ንዴቴን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ስናደድ ደግሞ ጥሩ አስባለሁ።

ያሰብኩት ቅርጫ ነው። የዚህ አገር ልጅ ማካፈልን ከእኔ አይማርም፤ ለፋሲካም ሆነ ለዒድ አባቱ ከጎረቤት ጋር በሬ ሲያርድ ቆሞ አይቷል። ሥጋው ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ሲደረደር፣ አንዱ ጋ ጎድን ሲበዛ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሲጨመር፣ በመጨረሻም ዕጣ ሲጣል አይቷል። ታዲያ ደብተሩ ላይ የማካፈል ምልክት ሲያይ ለምንድን ነው የሚደነግጠው? ስለዚህ የጭቃ በሬ እንሠራለን፣ እናርዳለን፣ እንመድባለን ብዬ ወሰንኩ።

ከልጆቹ መሀል አልታየች አሕመዲን የምትባል አለች። ስለሷ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የሷ ነውና። በሒሳብ የሚደርስባት የለም፤ ጥያቄውን ጽፌ ዞር ሳልል መልሱ አፏ ላይ ነው። አባቷ አሕመዲን የእህል ነጋዴ ነው፤ እናቷ ፈንታዬ ገበያው ዳር ልብስ ትሰፋለች። እሱ ሙስሊም፣ እሷ ክርስቲያን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት ዓመት ተዋደው ኖሩ። የሥጋ ድስታቸው ሁለት፣ የሽሮ ድስታቸው አንድ ነበር። ባለፈው ክረምት ተለያዩ።

ሰው ሃይማኖት ነው ያለያያቸው ይላል፤ ሰው ምን ሥራ አለው። ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ደጎሎ ከተማ ላይ ትልቅ መጋዘን ከፈተና ጓዛችንን ጠቅልለን እንሂድ አለ። እሷ ደግሞ የታመመች እናቴንና ደንበኞቼን ጥዬ የትም አልሄድም አለች። ከዚያ አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ፣ እልህ መጣ፣ ኩርፊያ መጣ፣ ጭራሽ መነጋገር አቆሙ። ቤቱ ተከፈለ፣ ላሞቹ ተከፈሉ። ልጅቷ ብቻ ቀረች።

ለሷ ጉዳይ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ሊቀመጡ ቀጠሮ ይዘዋል። መሀል አቁመው ከማን ጋር መሆን ትፈልጊያለሽ ብለው ሊጠይቋት ነው። ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ወጥተው ሲጫወቱ እሷ መጥታ የጠረጴዛዬን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

«ቲቸር፣ የቅዳሜው ጥያቄ መልሱ የቱ ነው?» አለችኝ።

ልክ እንደ ሒሳብ አንድ ትክክለኛ መልስ ያለው መስሏታል፤ እሷ አላገኘችው እንጂ እኔ የማውቀው መስሏታል። አንጀቴን በላችው። አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል ብዬ ራሷን ዳበስኩላት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን እዚህ አገር ሲጨንቀን ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው። ልጅቷ ግን መልስ እንጂ ዳበሳ አልጠየቀችኝም ነበር። አመስግናኝ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወላጆች ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና ከኋላ አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ፈንታዬ ቀድማ ደርሳ በበሩ በኩል ያለውን ጥግ ያዘች። ትንሽ ቆይቶ አሕመዲን ገባ፤ አየት አደረጋትና በመስኮቱ በኩል ካለው ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። በመሀላቸው ያሉት ወላጆች ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው። ሱፐርቫይዘሩ አቶ እንዳልካቸው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከፊት ለፊት ወንበር ተሰጣቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ብቻ ከሰዓታቸው ላይ ዓይናቸውን መንቀል አይሆንላቸውም።

ለማሟሟቅ ልጆቹን ክፍሉን ያለ ማስመሪያ ለኩልኝ አልኳቸው። ይህን ጊዜ ማየት ነበር። አንዱ በስንዝር፣ አንዱ በክንዱ፣ አንዱ በአባቱ ከዘራ ተያያዙት። ገበየሁ የሚባለው ባለወፍራም ድምፅ ልጅ ጓደኞቹን ወለሉ ላይ ራስና እግር እያገናኘ አስተኝቶ ክፍሉን በሰው ለካው። እናቶች ዩኒፎርሙን ማን ሊያጥበው ነው እያሉ አጉረመረሙ። አልታየች ግን ከወለሉ ላይ አንዷን ሸክላ ለክታ፣ በረድፉ ያሉትን ቆጥራ፣ አባዝታ ጨርሳ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። አቶ እንዳልካቸው ይህቺ ልጅ የማን ናት ብለው ጠየቁ። ከኋላ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ «የኔ» ሊል አፉን ከፍቶ ሁለቱም ዘጋው። አየሁ፤ አይቼ አለፍኩት።

ከዚያ በሬው መጣ። ጭቃውን ልጆቹ ከወንዝ ዳር አምጥተው ማክሰኞውኑ አቡክተውታል። ቀንዱ፣ ሻኛው፣ ጅራቱ፣ ሁሉ ነገሩ የተሟላ በሬ ነበር። ገበየሁ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ማስመሪያውን እንደ ቢላ ይዞ፣ በስመ አብ ወወልድ ብሎ አረደው። ወላጆች ሳቁ። ሳቁ ሳይበርድ ቢያድግልኝ የሚባል ልጅ እጁን አወጣና ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ ሥጋ እንዴት ነው የምንካፈለው ይለኛል። ጭቃ በጾም አይከለከልም ብዬ አስቀመጥኩት።

እሱን ስገላገል ደግሞ ሀያት ተነሣች። የመስጊድ ሰፈር ልጅ ናት፣ ሥርዓት ያላት። ሻሿን አስተካክላ፣ በጣም በትሕትና፣ በሬው በክርስቲያን ስለታረደ እነሱ ቅርጫው ውስጥ እንደማይገቡ ነገረችኝ።

ጭቃ እኮ ነው ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ልክ ናታ። እኛ ጋ ሠርግ የደገሰ ሰው ለሌላው እምነት እንግዳ ለብቻው ከብት ያቆማል፣ ከእነሱ ሰው ጠርቶ ያሳርዳል፣ ለብቻ ያሠራል። ይህን ያላደረገ ሰው ደግሷል አይባልም። ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ ያዩትን ነው የደገሙት። ወጉን የረሳሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ፈጠራ ፈጠርኩ ብዬ።

እንግዲያው ሁለት በሬ ይሁን አልኩ። ጭቃው ተጨፈለቀ፣ እኩል ለሁለት ተከፍሎ ሁለት በሬ ተሠራ። አንዱን ገበየሁ ደግሞ አረደው፤ ሌላውን ሰይድ የሚባል ልጅ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። ክርስቲያኖቹ በበሩ በኩል፣ ሙስሊሞቹ በመስኮቱ በኩል ቁሙ አልኩ። በገዛ አፌ ነው ያልኩት። ቆጠርን፤ በበሩ በኩል ሃያ አራት፣ በመስኮቱ በኩል አሥራ ሁለት ሆኑ።

ገበየሁ ወዲያው ነቃ። በሬው እኩል ነው፣ ሰዉ ግን እኩል አይደለም፤ የእነሱ መደብ የእኛን እጥፍ ሊሆን ነው ብሎ ተነሣ። ሰይድ ደግሞ በሬው የኛ፣ መደቡ የኛ፣ አንተን ምን አገባህ አለው። ክፍሉ የእህል በረንዳ መሰለ። እኔ ምን ልበላችሁ፣ ደስታ ሊገለኝ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ «እጥፍ» የምትለዋን ቃል ሳስረዳቸው አልገባ ያላቸው ልጆች ዛሬ ሊደባደቡባት ነው። ጥቂት ተጨቃጭቀው ሲያበቁ ሀያት ጭቃውን እንደገና እናቡካውና ሦስት በሬ ይሁን፣ ሁለቱ ለእነሱ፣ አንዱ ለእኛ አለች። ከእያንዳንዱ በሬ አሥራ ሁለት መደብ ይወጣል፤ ሁሉም እኩል ይደርሰዋል።

ሦስት በሬ ታረደ። ቅጠሉ ወለሉ ላይ ተነጠፈ፣ ሥጋው ተመደበ፣ ሠላሳ ስድስት መደብ ሆነ። አንድ ፍርፋሪ አልተረፈም። ሰሌዳው ላይ ስጽፈው ራሱ አማረልኝ። ቁጥር ግጥም ሲል ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይሞቀኛል፤ ይህን ሒሳብ የሚወድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። አቶ እንዳልካቸው ሳይቀሩ አጨበጨቡ። እኔም እንደ ሙሽራ እናት ፈነደቅሁ። ሠላሳ ሰባት ልጅ እንዳለኝ ፈጽሞ ረሳሁት።

የቀረው ዕጣው ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ምልክት ሰጠ፤ ጠጠር ነው፣ የሸሚዝ ቁልፍ ነው፣ የእርሳስ ቁራጭ ነው፣ የእስክሪብቶ ክዳን ነው። ምልክቱ ሲሰበሰብ ዕጣ ጣዩ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ የማን ምን እንደሆነ እንዳያይ። መደብ የሌለው ሰው ሲሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ለማንም አያዳላማ። ማን ይጥላል ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ ልጣል» አለች አልታየች። «እኔ መደብ የለኝም።»

ሰሌዳው አጠገብ ቆማለች፤ በበሩም በኩል አይደለችም፣ በመስኮቱም በኩል አይደለችም። ጠመኔ ልታቀብለኝ የቆመች መስሎኝ ነበር። ጎሽ፣ ጎበዝ አልኳት፣ አፌን በቆረጠው። ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፣ ምልክቶቹ ተሰበሰቡ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና መጀመሪያ የበሩን ወገን፣ ቀጥሎ የመስኮቱን ወገን ዕጣ ጣለች። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም። ልጆቹ እየተሳሳቁ መደባቸውን አነሡ፤ እሷ ባዶ እጇን ወደ ሰሌዳው ተመለሰች።

አቶ እንዳልካቸው ከልባቸው ተደስተዋል። ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም። «የኔ ልጅ፣ ያንቺስ ድርሻ?» አሏት።

አልታየች ሰሌዳውን አየች። እንደ ማንኛውም የክፍል ጥያቄ ቀጥ ብላ ቆማ መለሰች።

«እኔ ከገባሁ አይካፈልም። በዚህም ብገባ አይካፈልም፣ በዚያም ብገባ አይካፈልም። ያለ እኔ ግን ለሁሉም እኩል ይደርሳል።»

እኔ ያን ጊዜ ነው የነቃሁት፤ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። በበሩ በኩል ብትቆም እናቷን መምረጧ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ብትቆም አባቷን። ሁለቱም ከኋላ ሆነው እያዩአት። እኔ ደንቆሮዋ የቅዳሜውን ጥያቄ አምጥቼ ረቡዕ ላይ፣ በሰው ፊት፣ በጨዋታ መልክ ጠየቅኋት። እሷም መልስ አገኘችለት፤ ያገኘችውም መልስ ራሷን ማውጣት ነው። ገና በልጅነቷ።

ልጆቹ ነገሩ በከፊል ገባቸው መሰለኝ። ገበየሁ ከመደቡ ቆንጥሮ ወደሷ መጣ። ወዲያው ሀያትም ከራሷ ቆንጥራ መጣች። ሁለቱ ከሁለት በኩል ጭቃ ይዘው እጃቸውን ዘረጉላት። ደግነታቸው ነው፤ ግን ልጅቷን ይበልጥ አጣበቧት። አልታየች አንዱን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ሁለቱንም እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። ማንኛውን ቀድማ ትቀበል? አንድ ነገር ተናገሪ እንጂ ዝናሽ እላለሁ ለራሴ።

አሕመዲን ከኋላ ተነሣ። በወላጆቹ መሀል እያለፈ ወደ ፊት መጣና ከቅጠሉ አጠገብ ቆመ። ልጁን አላያትም፤ ፈንታዬንም አላያትም። የተናገረው ለኔ ነው።

«ቲቸር፣ ቅርጫ የገባ ሰው ይወጣ የለም እንዴ? መደቡን ለሌላ ለቆ።»

ይወጣል አልኩት።

«እንግዲያው እኔ ወጥቻለሁ። እሷ ትግባ። ከእናቷ ጋር ትሁን» አለ። ትንፋሹን ሰበሰበና «ቅዳሜ ይህችን ልጅ ማንም እንዳይጠይቃት» አለ።

የመጨረሻው ቃል ላይ ድምፁ ተሰበረ። ይህ ሰው ለአንድ ቁና ጤፍ ከረፋድ እስከ ቀትር የሚከራከር ሰው ነው፤ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። ልጁን ግን ያለ ክርክር ለቀቀ። ወላጆች ዓይናቸውን መሬት ተከሉ። እሱ ወደ በሩ አመራ፤ ወደ በሩ ለመሄድ ደግሞ በፈንታዬ አጠገብ ማለፍ ግድ ነው።

ፈንታዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። አጠገቧ ሲደርስ «አሕመዲን» አለችው። ከክረምት ወዲህ ስሙን ስትጠራ የሰማ ሰው አልነበረም። እሱ ቆመ፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

«ገበያ በዋለ ቁጥር ና» አለችው። «እኔን ብታኮርፈኝም አኩርፈኝ። ደጄ ግን አይዘጋብህም። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ራሴ ደጎሎ አምጥቼልህ እመለሳለሁ።»

ኢንሻ አላህ አለ፣ በማይሰማ ድምፅ። አሚን አለች እሷ።

አልታየች እስከዚያ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ድንገት ሮጣ ሄዳ የአባቷን ወገብ ከኋላው አቀፈች። ጭቃ የነካው እጇ ኮቱ ላይ ታተመ። ከዚያ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ንፍጧ እየወረደ፣ እንደ ልጅ። እናትና አባቷ ከተለያዩ ጀምሮ ስታለቅስ አይተናት አናውቅም፤ እንዲያውም ጨዋነቷን እናደንቅላት ነበር፣ እኛ ጅሎች። ፈንታዬም ተነሥታ ከጎኗ ቆመች፤ ሦስቱም በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እኔ ሰሌዳውን የማጠፋ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

አቶ እንዳልካቸው ጥቂት ታግሠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ የማጠቃለያ ጥያቄ ደግሞ ይቀራል፣ ልጆቹን ጠይቂያቸው እንጂ አሉኝ።

«ዛሬ የሚጠየቅ ልጅ የለም» አልኳቸው።

ከአፌ ሲወጣ ቁጣ ነበረበት። እሳቸውም ቀና ብለው አዩኝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁት፣ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሰዓታቸውን አላዩም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ፈንታዬ ቤት ተቀመጡ። ማንም ሳይጠራኝ እኔም ሄድኩ፤ ይሉኝታ ድሮም አልፈጠረብኝም። አልታየች ፀጉሯን ተሠርታ፣ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ በር ላይ ባለች በርጩማ ተቀምጣለች። ሰው በገባ ቁጥር ብድግ ትላለች። ሽማግሌዎቹ አሕመዲን ያለውን ሰሙ፣ ፈንታዬ ያለችውን ሰሙ፣ ስምምነት ካለ እኛ ምን ሥራ አለን ብለው መረቁ። ሻይ ጠጡና ተነሡ። ልጅቷ የመጨረሻውን ሽማግሌ ተከትላ እስከ አጥሩ ሄደች።

«አባባ፣ እኔን አልጠየቃችሁኝም» አለቻቸው።

«አንቺ የምትጠየቂው ነገር የለም፣ የኔ ልጅ። ሂጂ ተጫወቺ» አሏት።

መጥታ አጠገቤ ቆመች። መልሱን አዘጋጅቼ ነበር እኮ ቲቸር አለችኝ፣ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ። እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ነገር ሳላውቅ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ነኝ። ምን ልትመልሺ ነበር ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ከሰፈሩ ልጆች ገመድ የሚዘሉት ይጠሯት ነበር፤ ሄደች። እስከ ዛሬም አልጠየቅኋትም።